ኢልማ ፔንሃልና ማዶ የቀረችው ልጅ

ኢልማ ፔንሃል ጎረቤቴ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ አጥር ተለያይተን ኖርን። አጥር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የዛገ ቆርቆሮ ነው። ነፋስ በነቀነቀው ቁጥር የእሷ ዶሮዎች ወደ እኔ፣ የእኔ ድመት ወደ እሷ ይሻገራሉ። እዚህ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ሙንታ ውስጥ ኑሯችን እንዲህ ነው። የመዳብ ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ የቀሩልን ቀይ የአፈር ቁልሎችና ድሮ ቆፋሪዎች የሠሯቸው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ገብስ፣ ከገብሱ ወዲያ ባሕር።

እኔ ፖስታ ቤት ነበር የምሠራው። ኢልማ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ስልከኛ ነበረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀመጠች፤ በሃምሳ አራት ዓመቷ በራሱ የሚሠራ ማሽን ሲተከል ተነሣች። በመካከሉ ያለው ዕድሜዋ የከተማውን ሰው እርስ በርስ ስታገናኝ አለቀ። ማን ለማን እንደሚደውል፣ የማን ድምፅ ለቅሶ ሲመጣበት እንደሚቀጥን ታውቃለች። አንድ ቀን ግን የሰማችውን አውጥታ አልተናገረችም። ሁሉንም ሆድ ይፍጀው ብላ የተወች ሴት ናት።

አላገባችም። አባቷን እስኪሞት አስታመመች፤ ከአባቷ በኋላ ወንድሟን ክሌምን። ክሌም ከሰው ይልቅ ከዓሣ ጋር የሚግባባ ዝምተኛ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ይኑር አንድ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም ነበር። እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው ልዩነቱን የሰማሁት። የኢልማ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ማውራት ጀመረ። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣

«ዛሬ ምን ተባለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንጃ ጆይስ» አለችኝ። «እኔ የማዳምጠው ድምፁን ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ብዬ ላያት አልቻልኩም። ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1986 ነበር፤ ክፍለ ሀገራችን መቶ ሃምሳኛ ዓመቱን ያከበረበት። በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ የቅድመ አያቱን ስም ፍለጋ ተነሥቶ ነበር። በአሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለችው የታሪክ ክፍላችን ከዋና ከተማችን ከአደሌድ በሚመጡ ሰዎች ትጨናነቅ ጀመር። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ወላጆቻችን በየትኛው መርከብ መጡ?» ክፍሉን የምትመራው ዳልሲ የምትባል፣ ልቧ ደግ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ነበረች። ኢልማን በአንድ ማክሰኞ እጇን ይዤ ወሰድኩላት።

ኢልማ ለሥራው የተፈጠረች ሆነች። የድሮ መዝገብ የተነሣበትን ማይክሮፊልም ስታዞር ዐይኗ አይደክምም፤ በአንድ ደብዳቤ የተሳሳተ ስም ከአምስት ዓይነት አጻጻፍ ውስጥ ለይታ ታወጣለች። የሰው ሁሉ አያት ስታገኝ ከረመች። የራሷን ግን አትነካም።

«ያንቺንስ መቼ ነው?» አለቻት ዳልሲ፣ አንድ ቀን ፓስቲያችንን፣ ሥጋና ድንች የታሸገበትን ጥቅል ቂጣ፣ እየበላን።

«የኛ የታወቀ ነው» አለች ኢልማ። «ቅድመ አያቴ ዛካሪ ፔንሃል ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል በራሱ ገንዘብ ነው የመጣው። አባቴ ሁልጊዜ ‹እኛ መንግሥት የጫነን ዕቃ አይደለንም› ይል ነበር።»

«እሰይ! ልዕልት ኢልማ!» አለች ዳልሲ ብድግ ብላ እጅ እየነሣች። «እኛ ደሃዎቹ በመንግሥት ቲኬት እንደ ድንች ተጭነን ነው የመጣነው። ጆይስ፣ ለልዕልቲቱ ወንበር አንሺላት እንጂ!»

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቢያልፍም ኢልማን እልህ ያዛት። ዳልሲን አፏን ለማስያዝ የ1865ቱን የመርከብ ተሳፋሪዎች ፊልም አወጣች። በሦስተኛው ቀን አገኘችው። ዛካሪ ፔንሃል፣ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ማዕድን ቆፋሪ። ሚስቱ ታምሲን፣ ሃያ ሰባት። ጃበዝ፣ ስድስት ዓመት። ኦነር፣ ሰባት ወር። በስተቀኝ ባለው አምድ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፦ በመንግሥት ወጪ።

«እንኳን ወደ ድንቾቹ መንደር በሰላም መጣሽ» አለቻት ዳልሲ።

ኢልማ ሳቀች። ክሌም ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የኮራበት ነገር ውሸት ሆኖ ሳለ እሷን ያስቃታል።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ኢልማ ግን አንድ ነገር ከጀመረች ሳትጨርስ አትተኛም። ዛካሪና ታምሲን ከተጋቡበት የኮርንዎል ከተማ ከሴንት ጀስት የጥምቀት መዝገብ ፊልሙን አስመጣች። ጃበዝን አገኘች፤ እሱ የእሷ አያት ነው። ኦነርን አገኘች። በሁለቱ መካከል ደግሞ በ1862 የተጠመቀች አንዲት ሴት ልጅ አገኘች። ቃስያ ይላታል፤ የኢዮብን ልጅ ስም ነበር ያወጡላት።

«ሞታ ይሆናል» አልኳት። «በዚያ ዘመን ስንት ሕፃን ይሞት ነበር።»

«ይሆናል» አለች።

የቀብሩን መዝገብ ገጽ በገጽ አየችው። የለችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ክፍል አልወጣችም። ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የሐምሌ ዝናብ እየዘነበ፣ ጓሮ በር ላይ ቆማ አየኋት። ጃንጥላ አልያዘችም። በእጇ አንድ ወረቀት አለ፣ በካፖርቷ ጠርዝ ከዝናቡ የሸፈነችው።

«ትተዋት ነው የመጡት፣ ጆይስ።»

«ማንን?»

«ቃስያን። በ1871 የሕዝብ ቆጠራ ላይ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከታምሲን እናት ጋር። ‹የልጅ ልጅ› ይላል።»

አስገባኋት፤ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። ሻይ ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም። የነገረችኝን ነገር ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ወጪውን ችሎ ሰፋሪ ሲያመጣ ሥርዓት ነበረው፤ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ ቤተሰብ ከሁለት እንዳይበልጡ። ትንንሾቹ መርከብ ላይ ስለሚሞቱ ነው። ፔንሃሎች ሦስት ነበሯቸው።

«ታዲያ ለምን እሷን?» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

ኢልማ እሳቱን እያየች ነበር።

«ሕፃኗ ጡት ትጠባለች። ወንዱ ነገ ለሥራ ይደርሳል» አለች። «መካከለኛዋ ናት የምትተርፈው።»

ቀጥላም፣ «አያቴ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ጆይስ። የስድስት ዓመት ልጅ እህቱን ይረሳል? ሲሞት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ስንት ነገር አውርቶኛል መሰለሽ፤ ስለ መርከቡ፣ ስለ ዓሣ ነባሪ፣ ባሕር ላይ ስለሞተ አንድ ፍየል። እሷን አንድ ቀን አልጠራትም» አለችኝ።

በማግስቱ ሴንት ጀስት ላለው የሜቶዲስት ጸሎት ቤት አገልጋይ ደብዳቤ ጻፈች። ቃስያ ፔንሃል የምትባል ሴት ዘር ትታ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ብላ። ደብዳቤውን ማኅተም የመታሁበት እኔ ነኝ። መልሱንም መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ጥቅምት ላይ ከደብዳቤ ክምር ውስጥ የእንግሊዝ ቴምብር አየሁ። ሥራዬን ጥዬ ይዤላት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ቆማ ከፍታ አነበበችው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ውድ ወይዘሪት ፔንሃል፣

ደብዳቤዎ በጸሎት ቤታችን ሲነበብ ሰማሁ። ቃስያ አያቴ ናት። አባቴ በጦርነት ስለሞተ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኛ ስለ እናንተ ሁልጊዜም እናውቃለን። እናንተ ስለ እኛ አለማወቃችሁ ይገርማል፤ ጥላችሁ የሄዳችሁት እናንተ ናችሁና። በ1941 ሞታለች። ሌላ የምነግርዎ ነገር የለኝም።

ክላረንስ ኤዲ»

«ምን ያለው ባለጌ ነው!» አልኩ።

«‹እናንተ› ነው ያለው» አለች ኢልማ ቀስ ብላ። «ያኔ አባቴ እንኳ አልተወለደም። ግን ከእኔ ሌላ ‹እናንተ› ሊባል የሚችል ማን አለ? ኦነር ልጅ አልወለደችም። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ስድቡ ያሳዘናት አልመሰለኝም። በስንት ዓመቷ የሚቆጣት ዘመድ አገኘች።

ቢሆንም ዛካሪና ታምሲን ልጃቸውን ወርውረው የሄዱ ሰዎች እንዳልሆኑ ማረጋገጥ ፈለገች። በኅዳር አውቶቡስ ተሳፍራ አደሌድ ወረደች፤ በመዝገብ ቤት አራት ቀን ተቀመጠች። የዚያ ዘመን መንግሥት፣ እዚህ የሰፈረ ሰው ዘመዶቹን በስም አስመዝግቦ ማስመጣት እንዲችል ይፈቅድ ነበር። ኢልማ የ1869ን ጥራዝ ገልጣ የዛካሪን ማመልከቻ አገኘች። «ልጄ ቃስያ፣ ሰባት ዓመት፤ ከእሷም ጋር የባለቤቴ እህት።» መፈረም ስለማይችል መስቀል አድርጎበታል። ተፈቅዷል ይላል። ከሥሩ ደግሞ በቀይ ቀለም፦ አልተጠቀሙበትም።

የዚያን ወረቀት ቅጂ ያለ ምንም ሐተታ ለክላረንስ ኤዲ ላከችለት። ከጀርባው አድራሻዋንና የስልክ ቁጥሯን ብቻ ጻፈች።

ገና አለፈ። አዲስ ዓመት አለፈ። አንድ እሁድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ እኔና እሷ ፓስቲ ቀርቦልን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ኢልማ እንደ ጥንቱ በሁለተኛው ጥሪ አነሣችው። የሰውየው ጆሮ የደከመ ስለነበር ይጮኻል፤ እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ ሁሉንም ሰማሁ።

«ወይዘሪት ፔንሃል ነዎት?»

«ነኝ።»

«ክላረንስ ኤዲ ነኝ። ወረቀቱ ደርሶኛል። ወረቀቱን ዐይቼው አላውቅም ነበር፤ ወሬውን ግን አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ልከውላት ነበር» አለች ኢልማ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ። «አልረሷትም ማለት ነው።»

«አልረሷትም። እምቢ ያለችው እሷ ናት።»

ኢልማ ግድግዳውን ተደገፈች።

ሰውየው መተረክ ጀመረ። ወላጆቿ የሄዱ ዕለት «ጫማሽን አድርጊ፣ እንሄዳለን» ብለው ጎረቤት ቤት ወሰዷት። ወደ ቤት ስትመለስ አያቷ ብቻ አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ቃስያ ጫማዋን አላወልቅም አለች፤ ተመልሰው ሲመጡ ተዘጋጅታ እንድትገኝ። ሳምንታት ሙሉ ጫማዋን አድርጋ ተኛች። አያቷ ልጅቷ እንቅልፍ ሲጥላት ቀስ ብላ ልታወልቅ ስትሞክር ትነቃለች። በመጨረሻ እግሯ ቆስሎ፣ ሐኪም ተጠርቶ ነው የወለቀው።

«በአራተኛው ዓመት ወረቀቱ መጣ» አለ ክላረንስ። «አክስቷ ሻንጣ አሰናዳች። የሚሄዱበት ጠዋት ቃስያ ጠፋች። መንደሩ ሁሉ ፈለጋት። አሳማ ቤት ውስጥ ነበር የተደበቀችው፣ ከአሳማዋ ጀርባ። ሲመሽ ነው የወጣችው። ‹እነዚያን ሰዎች አላውቃቸውም› አለች። አክስቷም ብቻዋን መሄድ ፈራችና ቀረች። ከዚያ በኋላ ሌላ ወረቀት አልመጣም።»

«አልፈለገችንም ብለው ይሆናል» አለች ኢልማ።

«ይሆናል። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቆጫት ጥለውኝ ሄዱ ብላ አይደለም፤ ልከውልኝ ተደበቅሁ ብላ ነው። ለእናቴ እንኳ አልነገረቻትም። ለእኔ ነው የነገረችኝ፣ ልትሞት አንድ ዓመት ሲቀራት፣ ድንች እየላጥን።»

የባሕር ማዶው መስመር ሲያንሾካሹክ ይሰማል።

«አቶ ኤዲ» አለች ኢልማ በመጨረሻ፣ «ይህን ሁሉ እያወቁ ታዲያ ለምን እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ጻፉልኝ?»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የምቆጣው ሰው የለኝም» አለ።

ማክሰኞ ዕለት ነገሩን ለዳልሲ ስንነግራት ቀልድ እንጠብቅ ነበር። አልቀለደችም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ ሁልጊዜ ማን እንደመጣ ነው የምቆጥረው» አለች። «የኔዎቹስ ማንን ትተው ይሆን?» ከዚያ ተነሥታ የራሷን ሰዎች ፊልም ከመሳቢያው አወጣች።

ከዚያ በኋላ ክላረንስ እሁድ እሁድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይደውላል። እዚያ ጠዋት ነው፤ ወደ ጸሎት ቤት ከመሄዱ በፊት። አንዳንዴ ደግሞ ተራው የኢልማ ይሆናል። መጀመሪያ «አቶ ኤዲ»፣ «ወይዘሪት ፔንሃል» ይባባሉ ነበር። በየካቲት «አንተ»ና «አንቺ» ሆነ። በፋሲካ ሰሞን እንደ አገሩ ሰዎች «የኔ ወፍ» ይላት ጀመር። ኢልማን በሕይወቷ ማንም «የኔ ወፍ» ብሏት አያውቅም።

ይከራከራሉ። ትልቁ ጠባቸው ካሮት ነበር።

«ፓስቲ ውስጥ ካሮት?» ይላል፣ ከእኔ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ካሮት የአህያ ነው! ማነው ያስተማራችሁ?»

«ያንተው አያት እናት ናት ይዛው የመጣችው!»

«ውሸት! መርከቡ ላይ ነው የተበላሸባት!»

ሬዲዮዋ ዝም አለ። እሁድ ለእሁድ የምትነግረው ነገር ሳምንቱን ሙሉ ትሰበስባለች፤ የትኛዋ ዶሮ እንቁላል መጣል እንዳቆመች፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አርባ ዓመት አፏን ዘግታ የኖረች ሴት ሐሜት ስትጀምር ማየት ደስ ይላል።

በሁለተኛው ዓመት «ነይ» አላት። ኢልማ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከክፍለ ሀገራችን ወጥታ አታውቅም። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ፎቶ እንደ ተከሳሽ አስመስሏታል። በግንቦት ሄደች፣ ለሦስት ሳምንት። ዶሮዎቹን እኔ ያዝኩ። አንድ ፖስት ካርድ ላከችልኝ። «ደርሻለሁ። ዝናብ ነው። ኢልማ» ይላል።

ስትመለስ አውቶቡሱ ላይ የተቀበልኳት እኔ ብቻ ነኝ። «እንዴት ነበር?» አልኳት። «አረንጓዴ ነው» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ወሬው ከአጥሩ በላይ እየተቆነጠረ የመጣው በሚቀጥሉት ወራት ነው።

ክላረንስ በስልክ የሚሰማው ስልኩ ላይ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ስላስገጠመ ነበር። ፊት ለፊት ስትሆን አይሰማትም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጮኻለች፤ እሱ ፈገግ ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል፤ የነቀነቀው ላልጠየቀችው ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ወንበር ስባ ስትቀመጥ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ምንም ሳይል ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። የሚስቱ ወንበር መሆኑን ያወቀችው በሦስተኛው ቀን፣ ከጎረቤት ነው። ከዚያ በኋላ ቆማ መብላት አማራት። እሱ በአሥራ አንድ ሰዓት ራቱን ይበላል፣ ከዚያ ይተኛል። እሷ ቀሪውን ብርሃን በመስኮት ታያለች፤ እዚያ በግንቦት ቶሎ አይመሽም።

«በስልክ ወንድሜ ነበር» አለችኝ። «እዚያ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ቤት የገባሁ እንግዳ ሆንኩ። ጥፋቱ የማንም አይደለም።»

በሦስተኛው ሳምንት የቃስያን መቃብር ወሰዳት። ሣርና እሾህ ውጦት ነበር። ሁለቱ በጉልበታቸው ተንበርክከው ግማሽ ቀን አጸዱት፤ ሥራ ላይ ሲሆኑ መነጋገር አያስፈልግምና ከሁሉ ቀን የተሻለ ቀን ያ ነበር አለችኝ። ቤቱንም አሳያት። አሁን የለንደን ሰዎች የዕረፍት ቤት ነው፤ በሩን ሰማያዊ ቀብተውታል፤ ማንም አልነበረበትም።

የመሄጃዋ ዕለት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሻንጣዋን ይዞ ቆሞ፣ ወደ መንገዱ እያየ እንዲህ አላት፦

«ያ የተኛሽበት ክፍል ባዶውን ነው ያለው። ብትቀሪም ማንም ‹ውጪ› አይልሽም።»

ይህን የነገረችኝ ከተመለሰች ከአራት ወር በኋላ ነው፣ ልብስ እያሰጣች። በእጇ ያለውን አንሶላ ደጋግማ ታራግፈው ነበር።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«‹ዶሮዎቼስ?› አልኩት።»

«ኢልማ!»

«አዎ። ዶሮዎቼስ አልኩት። ምን ዓይነት መልስ ነው? ደግሞ አልሰማኝም፤ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩለት። ከዚያ አውቶቡሱ መጣ።»

ደርሻለሁ ለማለት የደወለችለት ቀን ግን አርባ ደቂቃ አወሩ። ወጥ ቤት ውስጥ ያልሰማውን ሁሉ በስልክ ሰማት። እሁዶቹ እንደ ጥንቱ ቀጠሉ፤ ካሮቱም ቀጠለ። «ተመልሰሽ ለምን አትሄጂም?» ስላት፣ «በስልክ ይሻለናል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ይሆናል። አንዳንዴ ግን እሁድ ከስልኩ በኋላ ደጃፍ ወጥታ፣ ምንም በሌለበት በገብሱ በኩል አሻግራ ስታይ አያታለሁ፤ ያን ጊዜ አልጠራትም።

በ1991 መስከረም አንድ እሁድ ክላረንስ አልደወለም። እሷ ደወለች፤ አልተነሣም። ሰኞም፣ ማክሰኞም። በአሥራ አንደኛው ቀን ከጸሎት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ማኅተሙን ሳይ አወቅሁት፤ ሌላ ሰው እንዲያደርስላት አልፈለግሁም። አንብባ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ልብ ነው ይላል። አትክልቱ ውስጥ ነው የተገኘው» አለች። ከዚያ፣ «ቀብረውታል። ለቀብር የሚጠራ ዘመድ አላወቁለትም» አለች።

እሁድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ራት እኔ ጋ እንድትበላ ለመንኳት። ሁለት ጊዜ መጣች። በሦስተኛው፣ «አትቀየሚኝ ጆይስ፤ በዚያ ሰዓት ቤቴ መሆን ለምጃለሁ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ማክሰኞና ሐሙስ የታሪክ ክፍሉን አላቋረጠችም፤ የሰው መርከብ ስትፈልግ፣ የሰው አያት ስታገኝ ኖረች።

ኢልማ በ1996 ነሐሴ ዋላሩ ሆስፒታል ሞተች፤ የሳንባ ምች ነበር። ሰባ አምስት ዓመቷ። ቀብሯ ላይ ከጠበቅሁት በላይ ሰው መጣ፤ ዳልሲ በምርኩዝ ቆማ እያለቀሰች መዝሙሩን ከሁሉ በላይ ጮኻ ዘመረች።

ለሚያውቋት ሰዎች መርዶውን መናገር የእኔ ፈንታ ሆነ። የስልክ ቁጥር መያዣ ደብተሯ ውስጥ አሥራ አንድ ስሞች ነበሩ። ሰባቱ የሞቱ ናቸው፤ አልሰረዘቻቸውም። ከሰባቱ አንዱ ክላረንስ ነው። ለምን እንደደወልኩ እስካሁን አላውቅም፤ ደወልኩ። አንዲት ወጣት ሴት አነሣች፤ ከኋላዋ ሕፃን ይነጫነጫል።

«ይቅርታ» አልኳት። «ይህ ቁጥር የአቶ ክላረንስ ኤዲ ነበር። የምደውለው ከአውስትራሊያ ነው። ኢልማ ፔንሃል የምትባል ዘመዱ ማረፏን…»

«ከአውስትራሊያ?» አለች ሴትዮዋ። «የተሳሳተ ቁጥር የምትደውለው ሴትዮ ናት እንዴ?»

«የተሳሳተ ቁጥር?»

«ቤቱን ከገዛን ጀምሮ እሁድ ጠዋት አልፎ አልፎ የምትደውል ሴት ነበረች። ‹ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ተሳስቼ ነው› ትላለች። መጀመሪያ ትዘጋዋለች። በኋላ ‹እዚያ ይዘንባል ወይ?› ማለት ጀመረች። እነግራታለሁ። ልጄን ስወልድ ነገርኳት። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም።»

«ኢልማ» አልኳት። «ስሟ ኢልማ ነበር።»

«ኢልማ» አለች ሴትዮዋ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ «አንድ ጊዜ» ብላኝ ስልኩን አስቀመጠችው። ከሩቅ ልጇን ስታባብል ሰማኋት። ተመልሳ እስክትመጣ ጠበቅኋት።